ምጣድ ማሰሻው አውሮፕላን ሲያበር

ቅዳሜ ጠዋት ቡራዩ እቴቴ ቤት ጎራ ብትሉ ምን እንደሚሸታችሁ ልንገራችሁ። አክስቴ ምጣዷን ኤሌክትሪክ ካደረገች ቆየች፤ ማሰሻዋ ግን ያው የጥንቱ ነው። የተወቀጠ ጎመን ዘር የጋለው ምጣድ ላይ ብትን ይላል፣ በጨርቅ ይታሰሳል፣ ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል፣ ከዚያ ሊጡ ይዞራል። እንጀራው ሳይጣበቅ ላጥ ብሎ ይነሳል።

ባለፈው አጠገቧ ተቀምጬ፣ «እቴቴ፣ በዚህ ነገር እኮ አውሮፕላን በሯል» አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝ። «በል ወሬህን ትተህ አክንባሎውን አቀብለኝ።»

ወሬ ግን አይደለም። ጥቅምት 19 ቀን 2005 ዓ.ም. የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ፋልከን 20 የምትባል ባለ ሁለት ሞተር ጀት ከኦታዋ አስነሳ። በሆዷ የያዘችው ነዳጅ አንድም ጠብታ ከድፍድፍ ዘይት የመጣ አልነበረበትም፤ መቶ በመቶ ከዘይት እህል የተሠራ ነው። ሲቪል ጀት ምንም ሳይቀየጥለት በባዮ ነዳጅ ብቻ ሲበር ያ የመጀመሪያው ነበር። ሌላ ጀት ከኋላዋ እየተከተለ ጭሷን ይለካ ነበር፤ የሚወጣው ብናኝ ከተለመደው ነዳጅ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የእህሉ ሳይንሳዊ ስም ብራሲካ ካሪናታ ነው። ፈረንጆች «የኢትዮጵያ ሰናፍጭ» ይሉታል። እኛ ጎመን ዘር እንለዋለን። ቅጠሉ የሐበሻ ጎመን ነው፣ ፍሬው ደግሞ የእቴቴ ማሰሻ።

ስለ አውሮፕላን ነዳጅ ለማውራት ከቡራዩ መነሳት ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ቦሌ እያለ ምን ቡራዩ ያስኬዳል? ግን የቦሌው ታሪክ አጭር ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን የተነሳችው ከጅቡቲ ነበር። አየር መንገዳችን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ በኋላ አድጎ አድጎ በአፍሪካ ትልቁ ሆነ። ነዳጁ ግን እስከ ዛሬ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ በቦቴ ተጭኖ ነው የሚመጣው። የቦሌው ታሪክ ይኸው ነው። የራሳችን የምንለው ታሪክ ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአምቦ፣ በጎጃምና በጅማ መንገዶች ዳር ነው። ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሰበታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ እኔ ግን በየመንገዳቸው ልውሰዳችሁ።

ከቡራዩ እንጀምር። መንገዱን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ብትቀጥሉ ሆለታ ትደርሳላችሁ። በ1958 ዓ.ም. የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ሆለታ ከቀደሙት ጣቢያዎች አንዱ ነበር። የደጋው የቅባት እህል ምርምር፣ ማለትም ኑጉ፣ ተልባውና ጎመን ዘሩ፣ ማዕከሉ እዚያ ነው። «ቢጫ ዶዶላ» እና «ሆለታ 1» የተባሉ የጎመን ዘር ዝርያዎች የወጡት ከዚህ ሥራ ነው። ከዚያ በፊትም፣ በ1919 ዓ.ም.፣ ታላቁ ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ አገራችንን ዞሮ ዘር ሰብስቧል። ኢትዮጵያን የብዙ ሰብሎች መገኛ ብሎ በዓለም ካርታ ላይ ያስቀመጣት እሱ ነው። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ (በፈረንጆቹ 1935) ዉ ጃንግቹን የተባለ ተመራማሪ የጎመንን ዘር ማንዘር ሲመረምር፣ ካሪናታ በሰናፍጭና በጥቅል ጎመን ወገን መዳቀል የተወለደ መሆኑን አሳየ። ድቅልነቱ ሳይሆን አይቀርም እንዲህ ጠንካራ ያደረገው፤ ሙቀትና ድርቅ ከብዙ ዘመዶቹ ይልቅ ይችላል፣ ፍሬው ቶሎ አይረግፍም።

አንድ ችግር ነበረበት። ዘይቱ ውስጥ ኢሩሲክ አሲድ የሚባል ረጅም የቅባት አሲድ ይበዛል፤ ከጠቅላላው አርባ በመቶ ገደማ። ለምግብ ዘይት ይህ ነውር ነው፤ አርቢዎች ለዓመታት ሊያስወግዱት ሲደክሙ ኖረዋል። ለጀት ነዳጅ ግን ያ ነውር ጸጋ ሆኖ ተገኘ። የጀት ነዳጅ በደንብ የተጣራ ነጭ ጋዝ ነው ብትሉ ብዙ አልተሳሳታችሁም። የጎመን ዘር ዘይት ከሃይድሮጅን ጋር በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ሲታሽ ኦክስጅኑ ይወጣለታል፣ ረጅሙ ሰንሰለት ይቆራረጣል፣ ከሌላው ነጭ ጋዝ የማይለይ ፈሳሽ ይሆናል። ሲቃጠል ካርቦን አያወጣም ማለት አይደለም፤ ያወጣል። ልዩነቱ ያንን ካርቦን ተክሉ ሲያድግ ከአየር የወሰደው መሆኑ ነው፤ ከመሬት ሆድ የተቆፈረ አይደለም።

ይኸው የቡራዩ መንገድ ሌላም የነዳጅ ታሪክ አለው። ከሆለታ አልፋችሁ አዲስ ዓለም ማርያምን ታውቋታላችሁ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ምክንያቱ ማገዶ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያዋን ጨፍጭፋ ጨርሳ የምታነደው አጥታ ነበር። ከተማይቱን ከመፈናቀል ያዳናት ባሕር ዛፍ ሆነ፤ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ቶሎ የሚያድግ፣ ተቆርጦ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ዛፍ። ለአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ አዲስ አበባም ባለችበት ቀረች። ታዳሽ ነዳጅ የሚለው ቃል ገና ሳይፈጠር እኛ በውጭ ተክል ከተማ አትርፈናል።

በጥር 2010 ዓ.ም. ነገሩ ተገለበጠ። የአውስትራሊያው ካንታስ ቦይንግ 787 አውሮፕላን ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን በረረ፤ ከነዳጁ አስር በመቶው ከካሪናታ ዘይት የተሠራ ነበር። እነሱ ባሕር ዛፍ ላኩልን፣ የእኛ ጎመን ዘር ደግሞ ሰዎቻቸውን አገራቸው አስገባ። ብድር ተመለሰ እንበል? አልተመለሰም፤ ምክንያቱም እኛ አልላክነውም። ያንን ዘር ለነዳጅ ያለማው አግሪሶማ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ኑሲድ የተባለ የአውስትራሊያ ኩባንያ ገዛው። እርሻውም ያለው አርጀንቲና፣ ኡራጓይና የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ነው።

ይህን ለእቴቴ ስነግራት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከምጣዷ ቀና ያለችው። «ታዲያ ዘሩን ከየት አመጡት?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ከባድ ነው። የዕፅዋት ዘር በዓለም ዙሪያ እንዳሻው ይዞር የነበረው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ከመምጣቱ በፊት ነው፤ በዚያ ዘመን የወጣውን ዘር ዛሬ ሌባ ብሎ ለመክሰስ አይመችም። ሌብነት ነው የሚል ማስረጃም የለኝም። የራሳችን የዘር ባንክ የተቋቋመው በ1968 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በጤፍ ምን እንደገጠመን ታውቃላችሁ፤ በ1997 ዓ.ም. ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ጥቅም ለመጋራት ተፈራረምን፣ ኩባንያው ከሰረ፣ የፈጠራ መብቱ ግን ከእጃችን ውጭ ቀረ፤ የሄግ ፍርድ ቤት ያንን መብት ውድቅ ያደረገው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለ ጤፍ ብዙ ጮኸናል። ስለ ጎመን ዘር ግን ድምፅ አልሰማሁም። ምጣድ ማሰሻ ስለሆነ ይሆን?

አሁን ወደ ሱሉልታ እንውጣ። ሱሉልታ ሲባል ብዙዎቻችን ወተት፣ ድርቆሽና ሯጮች ይታዩናል። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን እዚያ በናይል ፔትሮሊየም ዴፖ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀየጥ ተጀመረ። ከመቶው አምስት እጅ ኢታኖል፤ ኢታኖሉ የመጣው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ነው። በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ አስር በመቶ አደገ፣ መተሐራም ኢታኖል ማምረት ጀመረ። ያኔ ታክሲ የተሳፈራችሁ ሁሉ ሳታውቁት የሸንኮራ ልጅ አቃጥላችኋል። ሾፌሮች ሲነጫነጩ ትዝ ይለኛል፤ የሞተር ብልሽት ሁሉ በኢታኖል ይሳበብ ነበር።

ቅይጡ ጸንቶ አልዘለቀም። ስኳር ፋብሪካዎቹ ይደርሳሉ የተባለበት አልደረሱም፣ ሞላሰስ ከሌለ ደግሞ ኢታኖል የለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የነበረው አልኮል የእጅ ማጽጃ ሆነ። በሰበታ መስመር ግን አልኮል ለዘመናት ደንበኛ አጥቶ አያውቅም፤ የብሔራዊ አልኮል ፋብሪካ ቅርንጫፍ እዚያ ነው፣ ምርቱም ከሞተር ይልቅ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። (በዚህ ላይ አስተያየት የለኝም።)

ይህን ሁሉ የማነሳው ኢታኖል ወደ ጀት ነዳጅነት ስለሚለወጥ ነው። እንዳለ አውሮፕላን ላይ አይቀዳም፤ በሊትር የሚሰጠው ጉልበት ከጀት ነዳጅ ሲሶ በላይ ያንሳል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ነገር ግን ውኃው ወጥቶለት ወደ ኢታይሊን ተለውጦ፣ ቅንጣቶቹ ተገጣጥመው ሃይድሮጅን ሲጨመርበት ያው ነጭ ጋዝ ይሆናል። ይህ መንገድ ለመንገደኛ በረራ የተፈቀደው በፈረንጆቹ 2018 ነው፤ ሱሉልታ ላይ ከጀመርን ከአስር ዓመት በኋላ። ያን አስር ዓመት ሳናቋርጥ ብንሠራ ኖሮ ቢያንስ ኢታኖሉ በእጃችን ይኖር ነበር።

ባዮ ነዳጅ የሚል ሁሉ ግን መልካም ነው እያልኩ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. መባቻ መንግሥት የባዮ ነዳጅ ስትራቴጂ ሲያወጣ አገሩን የጉሎና የጃትሮፋ ወረት ያዘው። አንድ የጀርመን ኩባንያ ሐረርጌ ላይ ለጉሎ የወሰደው መሬት የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ውስጥ ገባ። ወላይታ ላይ ገበሬዎች በቆሎና ስኳር ድንች በሚያበቅል መሬታቸው ጉሎ ዘሩ፤ ዓመቱ ደግሞ ድርቅ ያለበት ሆነ። ጉሎ አይበላ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኩባንያዎቹ የሉም፣ ገበሬው ግን አለ።

ስለዚህ ቁጥር እንቁጠር። ካንታስ በዚያ በረራ ጊዜ የሰጠው ስሌት እንዲህ ይላል፤ አንድ ሄክታር ካሪናታ 2 ሺህ ሊትር ዘይት ይሰጣል፣ ከዚያ ውስጥ 400 ሊትር የአውሮፕላን ነዳጅ፣ 1,400 ሊትር ደግሞ ታዳሽ ናፍጣ ይወጣል። ቦይንግ 787 በሰዓት 6 ሺህ ሊትር ገደማ ያቃጥላል። ለአንድ ሰዓት በረራ 15 ሄክታር ማለት ነው። አዲስ አበባ–ፍራንክፈርት ሰባት ሰዓት ያህል ነው፤ ከመቶ ሄክታር በላይ፣ ለአንድ ጉዞ፣ ለመሄድ ብቻ። የአንድ ኢትዮጵያዊ ገበሬ ማሳ በአማካይ አንድ ሄክታር ቢሆን ነው። አንድ ቀበሌ አርሶ ዘርቶ አጭዶ አንድ አውሮፕላን አንድ ጊዜ ይሸኛል።

ይህን ሳሰላ ደነገጥኩ፤ እናንተም ደንግጡ። የምንበላውን ዘይት አብዛኛውን ከውጭ የምናስገባ አገር ነን። በሌላ በኩል አሜሪካና ኡራጓይ ውስጥ ካሪናታ የሚዘራው በዋናው ሰብል መሃል መሬቱ ጦሙን በሚያድርበት ክረምታቸው ነው፤ ስንዴ ወይም አኩሪ አተር አያፈናቅልም። በእኛ ደጋ እንዲህ ያለ ትርፍ ወቅት በቀላሉ አይገኝም። ያለው አማራጭ ስንዴና ገብስ በተደጋገመበት ማሳ ላይ በየተወሰነ ዓመቱ ጎመን ዘር ማፈራረቅ ነው፤ ገበሬው ይህን ድሮም ያውቀዋል፣ የሆለታ ሰዎችም ይመክሩታል። ጀት ሁሉ በጎመን ዘር ይብረር የሚለኝ ካለ አልቀበለውም። ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ኢታኖል፣ ከተፈራረቀ ማሳ ጥቂት ዘይት የሚለኝ ካለ ግን ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

ነገሩን እስክንወስን ዓለም አይጠብቀንም። በፈረንጆቹ 2016 የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላን ከትምባሆ ዘር በተሠራ ነዳጅ ጭምር ከጆሃንስበርግ ኬፕታውን በረረ። በ2023 የኬንያ አየር መንገድ ታዳሽ ነዳጅ ቀይጦ ከናይሮቢ አምስተርዳም ገባ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2025 ጀምሮ በኤርፖርቶቹ ከሚቀዳው ነዳጅ ቢያንስ ሁለት በመቶው ታዳሽ እንዲሆን ደንግጓል፤ በ2030 ስድስት፣ በ2050 ሰባ በመቶ ይደርሳል። ከአገር ቤት ሞልቶ ሄዶ እዚያ ሳይቀዱ መመለስም በሕጉ ተገድቧል። አየር መንገዳችን ከፍራንክፈርትም ከፓሪስም ሲነሳ ይህን ነዳጅ ይቀዳል፣ ዋጋውም ከተለመደው በእጅጉ ይበልጣል፤ ጭማሪው ቲኬታችሁ ላይ መምጣቱ አይቀርም።

አርጀንቲና ላይ የሚመረተው ካሪናታ በመርከብ ተጭኖ ከሚራገፍባቸው አገሮች አንዷ ፈረንሳይ ናት፤ እዚያው ይጨመቃል። እቴቴን ይህንንም ነገርኳት። «ይሸታል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምኑ?» «ጭሱ ነዋ፤ አውሮፕላኑ ሲነሳ ማሰሻ ማሰሻ ይሸታል?»

አይሸትም አልኳት። ትንሽ ቅር አላት መሰለኝ፤ ቀጣዩን ሊጥ አዞረች።