ብረት ሳቢው ደንጊያና የእጅ ሠራተኞች ውለታ

አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የማግኔትን ነገር ከሥሩ ስንመረምረው ሁለት ታሪክ እናገኛለን፤ አንደኛው ብረትን የሚስበው ደንጊያ ታሪክ ሲሆን፥ ሁለተኛው ምሥጢሩን የገለጡት ሰዎች ታሪክ ነው። ስለ መጀመሪያው በትምህርት ቤት ብዙ ይነገራል፤ ስለ ሁለተኛው ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ማግኔት የሚለው ስም ማግኔዝያ ከሚባለው የግሪኮች አገር የመጣ ነው። ፈላስፋው ታሌስ ይህ ደንጊያ ብረትን ስለሚያንቀሳቅስ ነፍስ አለው ማለቱን አርስጣጣሊስ ጽፎአል። በቻይናም ሼን ኩኦ የተባለው ሊቅ በ1088 ገደማ፥ በዚህ ደንጊያ የታሸ መርፌ ወደ ደቡብ እንደሚያመለክት፥ ዳሩ ግን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘወር እንደሚል ገለጠ። በ1269 ደግሞ ጴጥሮስ ፔሬግሪኑስ የተባለ ፈረንሳዊ፥ ሉቼራ የተባለችውን የኢጣልያ ከተማ ከከበበው ጦር ጋር ሳለ ለወዳጁ በላከው ደብዳቤ፥ ማግኔት ሁለት ዋልታዎች እንዳሉት፥ ቢሰበርም እያንዳንዱ ስባሪ እንደ ገና ሁለት ዋልታ እንደሚኖረው አስረዳ።

ከዚህ በኋላ አንድ የእጅ ሠራተኛ ወደ ታሪኩ ይገባል። ሮበርት ኖርማን የተባለ እንግሊዛዊ ለብዙ ዓመታት በባሕር ላይ ከኖረ በኋላ፥ በሎንዶን ኮምፓስ እየሠራ የሚኖር ሰው ነበረ። መርፌውን በሚዛን አስተካክሎ በማግኔት ሲያሸው፥ የሰሜኑ ጫፍ ዘወትር ወደ ታች ያዘነብልበት ነበር። አንድ ቀን ሚዛኑን ለማስተካከል ጫፉን ሲቈርጥ፥ ብዙ የደከመበትን መርፌ ከልክ በላይ አሳጥሮ አበላሸውና ተናደደ፤ ንዴቱም ወደ ምርመራ መራው። ብረት በማግኔት ከመታሸቱ በፊትና በኋላ መዝኖ ክብደቱ እንዳልተለወጠ አረጋገጠ። መርፌውንም ወደ ላይና ወደ ታች እንዲዞር አድርጎ ሰቅሎ፥ በሎንዶን 71 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ እንደሚያዘነብል ለካ። ይህን በ1581 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የእጅ ባለሙያ በሥራው ያገኘውን ዕውቀት ሊቃውንት መናቅ እንደማይገባቸው ተከራከረ።

ሐኪሙ ዊልያም ጊልበርትም አልናቀውም። ከማግኔት ደንጊያ ሉል ጠርቦ ትንሽ መርፌ በላዩ እያዘዋወረ፥ መርፌው ኖርማን እንዳየው ሲያዘነብል ተመለከተ፤ በ1600 ባሳተመው መጽሐፍም ምድር ራስዋ ታላቅ ማግኔት ናት ብሎ ደመደመ። በዚያ ዘመን ነጭ ሽንኩርት የማግኔትን ኀይል ያጠፋል የሚል ከጥንት የተወረሰ ቃል ነበረ። ጊልበርት ማግኔቱን በነጭ ሽንኩርት ቀብቶ ሞከረው፤ ኀይሉ ግን አልጠፋም። ለብዙ መቶ ዓመታት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ የኖረው ቃል በአንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ፈረሰ።

በ1820 የዴንማርኩ መምህር ኤርስቴድ፥ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ ከአቅጣጫው ሲያዞር አየ። ኤሌክትሪክና ማግኔት ዘመዳሞች መሆናቸው በዚህ ታወቀ። ቀጥሎ የመጣው ሚካኤል ፋራዴይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበረ። ከማንበብ፥ ከመጻፍና ከጥቂት ሒሳብ በቀር ትምህርት ቤት አላስተማረውም፤ በመጻሕፍት ጠራዥ ዘንድ 7 ዓመት ሙያ ሲማር፥ የሚጠረዙትን መጻሕፍት እያነበበ ዐደገ። በ1831 ማግኔት ወደ ጥምጥም ሽቦ ሲገባና ሲወጣ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አገኘ። በቆቃም ሆነ በዐባይ ግድብ የውሃው ኀይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው በዚሁ ሕግ ነው።

ማግኔት በተጋደመበት ወረቀት ላይ የብረት ብናኝ ቢበተን፥ ብናኙ ከዋልታ ወደ ዋልታ በደጋን አምሳል ይሰለፋል። ፋራዴይ ከዚህ ተነሥቶ፥ ኀይሉ በደንጊያው ውስጥ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ቦታ ሁሉ የተዘረጋ መሆኑን አስተማረ። መግነጢሳዊ መስክ የምንለው ይህ ነው። በሒሳብ ቀመር ስላልጻፈው ብዙ ሊቃውንት ቸል አሉት፤ ነገር ግን ማክስዌል በ1865 ባሳተመው ጽሑፍ አሳቡን በሒሳብ ቋንቋ ገልጦ፥ ብርሃንም የኤሌክትሪክና የማግኔት ማዕበል እንደ ሆነ አመለከተ።

የምድር ማግኔትነት ከ2,900 ኪሎሜትር ጥልቀት በታች ቀልጦ ከሚንቀሳቀሰው ብረት እንደሚመነጭ ዛሬ ይታወቃል። መርፌው ሳያዘነብል አግድም የሚቆምበት መስመር መግነጢሳዊ የምድር ወገብ ሲባል፥ ይህ መስመር በአገራችን ላይ ያልፋል። በ1957 በተጀመረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምርመራ ጣቢያ የተቋቋመው ስለዚህ ነው። በሎንዶን ለኖርማን ያን ያህል ያዘነበለው መርፌ፥ በአዲስ አበባ ከአግድመቱ እምብዛም አይርቅም።

በአገራችን ግን ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ለብዙ ዘመን ቡዳ እየተባለ ሲናቅ ኖሮአል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ቢያወጡም፥ ልማዱ በአንድ ቀን አልተነቀለም። ስንት ኖርማን በወናፉ አጠገብ ዝም ብሎ ቀረ? ስንት ፋራዴይ በአባቱ ሙያ እየተሰደበ ከትምህርት ራቀ? ይህን ጉዳት ማን ይቈጥረዋል?

እንግዲህ ስለ ማግኔት የሚያስተምር መምህር፥ ትርጓሜውን በሰሌዳ ጽፎ ከማስገልበጡ በፊት ከብረት ሠሪው ቤት አንድ እፍኝ ብናኝ ያምጣ። ተማሪዎቹም በወረቀት ላይ በትነው በዓይናቸው ይዩ። ብናኙ ከማን እጅ እንደ መጣም ይንገራቸው።