ታይምሼር የተባለው የሪዞርት የጊዜ ድርሻ፦ የግዢና የልውውጥ ወጪዎች

ታይምሼር ማለት በአንድ ሪዞርት የሚገኝን ማረፊያ ቤት በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሳምንት፣ የመጠቀም መብት ነው። ቤቱ በዓመቱ ሳምንታት ተከፋፍሎ ለብዙ ባለድርሻዎች ይሸጣል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአውሮፓ ተጀምሮ በኋላ በአሜሪካ የተስፋፋ ሲሆን፣ ኦርላንዶና ላስ ቬጋስን በመሳሰሉ የጎብኚ ከተሞች ሽያጩ በስፋት ይካሄዳል። ለጉብኝት የሄደ ሰው ነፃ የትርዒት ትኬት ወይም የሆቴል ቅናሽ ተሰጥቶት በምትኩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሽያጭ ገለጻ እንዲያዳምጥ ይጋበዛል። ገለጻው ከተባለው ጊዜ በላይ መርዘሙ፣ ዋጋውም “ለዛሬ ብቻ” መባሉ የተለመደ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይህን መሰል ውል ከመፈረማቸው በፊት ሙሉ ወጪውን ሊያሰሉ ይገባል።

ድርሻው በሁለት ዓይነት ውል ይሸጣል። አንዱ በርስት መዝገብ የሚመዘገብና ለወራሽ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ሌላው ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ የሚያገለግል የመጠቀም መብት ነው። አሁን አሁን ደግሞ በሳምንት ፋንታ በየዓመቱ የሚታደስ “ነጥብ” መሸጥ እየተለመደ መጥቷል። ነጥብ ለአጠቃቀም አመቺ ቢመስልም፣ ለአንድ ሳምንት የሚጠየቀውን የነጥብ ብዛት የሚወስነው ሻጩ ወይም አስተዳዳሪው በመሆኑ ገዢው በውሉ ላይ ይህ መጠን ሊለወጥ ይችል እንደሆነ ማንበብ ይኖርበታል።

የግዢው ትክክለኛ ዋጋ

በአሜሪካ ከአልሚው ድርጅት በቀጥታ የሚገዛ ድርሻ በአማካይ ከ20,000 ዶላር በላይ፣ ዓመታዊ የጥገና ክፍያውም ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። በገለጻው ላይ ጎልቶ የሚነገረው የመጀመሪያው ቁጥር ቢሆንም፣ በዘላቂነት የሚከብደው ሁለተኛው ነው። የጥገና ክፍያ ባለድርሻው ሄደም ቀረም ይከፈላል፤ በየጊዜውም ይጨምራል። ጣሪያ ሲታደስ ወይም አውሎ ነፋስ ጉዳት ሲያደርስ ደግሞ ልዩ መዋጮ ሊጠየቅ ይችላል። ያልከፈለ ሰው ድርሻውን በፍርድ ከማጣቱም በላይ የብድር ታሪኩ ይበላሻል።

ለምሳሌ 20,000 ዶላር የሚያወጣ ድርሻ 2,000 ዶላር ቅድሚያ ተከፍሎበት ቀሪው በሻጩ ብድር በ15 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት እንዲከፈል ተደረገ እንበል። ወርሃዊ ክፍያው 290 ዶላር ገደማ ነው፤ ለብድሩ ብቻ በ10 ዓመት 34,850 ዶላር ያህል ይከፈላል። የጥገናው ክፍያ በ1,100 ዶላር ጀምሮ በየዓመቱ 4 በመቶ ቢጨምር ድምሩ 13,200 ዶላር ይሆናል። ሁሉም ሲደመር ወደ 50,000 ዶላር ይደርሳል፤ ለ70 ሌሊት ሲካፈል አንዱ ሌሊት 715 ዶላር ይወድቃል። ያለ ብድር በጥሬ ገንዘብ ቢገዛ 475 ዶላር ገደማ ነው። ይኸው ድርሻ ከቀድሞ ባለቤት የስም ማዛወሪያውን ጨምሮ በ500 ዶላር ቢገኝ ደግሞ አንዱ ሌሊት ከ200 ዶላር በታች ይሆናል። የመጨረሻው አኃዝ ሊያስገርም አይገባም፤ ከጥገና ክፍያው ለመገላገል የሚሹ ባለድርሻዎች በኢንተርኔት ገበያ ድርሻቸውን በ1 ዶላር የሚያቀርቡበት ጊዜ አለ። ከቀድሞ ባለቤት የገዛ ሰው አልሚው ለራሱ ደንበኞች የሚሰጣቸውን አንዳንድ ጥቅሞች ላያገኝ እንደሚችል ግን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

በመሆኑም ታይምሼርን እንደ መዋዕለ ንዋይ መቁጠር ተገቢ አይደለም። በአሜሪካ የግብር ሕግ ለግል መዝናኛ የዋለ ድርሻ በኪሳራ ሲሸጥ ኪሳራው ከግብር አይቀነስም። ጥቅሙ የሚታየው በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት ለሚዝናና፣ ወጥ ቤትና ከአንድ በላይ መኝታ ክፍል ለሚያስፈልገው ቤተሰብ ነው። የዓመት ፈቃዱን ለገና፣ ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ለመምጣት የሚያውል ቤተሰብ በዚያ ዓመት ላልተጠቀመበት ሳምንት ይከፍላል።

የልውውጥ አሠራርና ወጪው

“ሳምንትዎን በመላው ዓለም መለወጥ ይችላሉ” የሚለው አባባል ከሽያጩ ዋና ማግባቢያዎች አንዱ ነው። ልውውጡን የሚያካሂዱት ግን በአብዛኛው ሌሎች ድርጅቶች ናቸው፤ ታዋቂዎቹ እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው አርሲአይና በ1976 የተመሠረተው ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል ናቸው። ባለድርሻው ዓመታዊ የአባልነት ክፍያ ይከፍላል፤ ሳምንቱን ለድርጅቱ ያስረክባል፤ የሚፈልገው ቦታ ሲገኝም ለእያንዳንዱ ልውውጥ ብዙውን ጊዜ ከ200 ዶላር የሚበልጥ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። ቦታውን ለዘመድ ማስተላለፍ የእንግዳ ሰርተፊኬት ክፍያ ያስከትላል። የጉዞ ትኬት በዚህ ውስጥ አይካተትም።

ከክፍያው ይልቅ ሊጤን የሚገባው የተረከበው ሳምንት የመለዋወጥ አቅም ነው። አቅሙ በቦታው ተፈላጊነት፣ በወቅቱ፣ በቤቱ ስፋትና ሳምንቱ ምን ያህል ቀደም ብሎ እንደተረከበ ይወሰናል። በኦርላንዶ ያለው የታይምሼር ብዛት ከፍተኛ በመሆኑ፣ ትምህርት ቤት በተከፈተበት በመስከረም የሚውል የኦርላንዶ ሳምንት ይዞ በሐምሌ የሃዋይ ባሕር ዳርቻን መጠየቅ ብዙም ተስፋ የለውም። የተረከበ ሳምንት የአገልግሎት ጊዜም አለው፤ ሳይለወጥ ጊዜው ካለፈ መብቱ ይቀራል፣ ወይም ለማራዘም ተጨማሪ ይከፈላል። ስለዚህ በዋናነት ለልውውጥ ብሎ መግዛት አይመከርም። ያንኑ ቦታ በኪራይ ማግኘት ከጥገናና ከልውውጥ ክፍያዎች ድምር የሚያንስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ውል መሰረዝና ከውል መውጣት

ሕጉ ለገዢው አጭር የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ጊዜው በፍሎሪዳ 10 ቀን፣ በካሊፎርኒያ 7 ቀን፣ በኔቫዳ 5 ቀን ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 14 ቀን ሲሆን፣ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ቅድሚያ ክፍያ መቀበል ክልክል ነው። ስረዛው በጽሑፍ፣ በውሉ በተጠቀሰው አድራሻና መንገድ መላክ አለበት፤ በአደራ ደብዳቤ ልኮ ደረሰኙን መያዝ ይጠቅማል። ለሻጩ በስልክ መናገር በቂ አይደለም። ጊዜው ካለፈ በኋላ አልሚው ድርሻውን መልሶ የሚረከብበት አሠራር እንዳለው በቅድሚያ እርሱኑ መጠየቅ ይሻላል።

“ገዢ አግኝተናል፤ ግብሩን አስቀድመው ይላኩ” የሚሉ ደዋዮች አጭበርባሪዎች ናቸው። የአሜሪካ ግምጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 በሜክሲኮ ፖርቶ ቫያርታ ባለድርሻዎችን በዚህ መንገድ ያጭበረበሩ፣ ከሃሊስኮ ካርቴል ጋር የተሳሰሩ ግለሰቦችና ድርጅቶች ላይ ማዕቀብ ጥሏል። ጥቆማ ለፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ወይም ለክፍለ ግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ይቀርባል።

ውሉ የሚገዛው በተፈረመበት አገር ሕግ ወይም በውሉ በተመረጠው ሕግ በመሆኑ የኢትዮጵያ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ሊያፈርሱት አይችሉም። ባለድርሻው ሲሞት በአገር ቤት ያሉ ወራሾች ድርሻውን ያለመቀበል መብት ሊኖራቸው ይችላል፤ ይህን ግን በክፍለ ግዛቱ ሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ፣ ሳምንቱን ሳይጠቀሙበትና ክፍያ ሳይፈጽሙ፣ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው። ለዚህ የሚያስፈልግ ውክልና በኢትዮጵያ የሚዘጋጅ ከሆነ ሥልጣን ባለው የሰነዶች ማረጋገጫ አካል ተረጋግጦ መላክ ይኖርበታል።