በአየር ላይ ለተገኘ ድል ምስክሩ ማነው?



በቦረናና በአካባቢው ዘማች ሲፎክር አብረውት የዋሉ ጓዶቹ ይሰሙት ነበር፤ ያልገደለውን ገደልሁ ቢል የሚያርመው አይጠፋም። የአየር ውጊያ ግን ይህን ምስክር ያሳጣል። ፍልሚያው በሰከንዶች ያልቃል፤ ሁለት አብራሪዎች በአንድ አውሮፕላን ላይ ተኩሰው እያንዳንዳቸው ድሉን ለራሳቸው ይቆጥራሉ፤ እየጨሰ ቁልቁል የወረደውም ሁሉ አልወደቀም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1940 እንግሊዞች 185 የጀርመን አውሮፕላኖች ጣልን አሉ፤ በኋላ የጀርመን መዝገብ ሲመረመር 60 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሶቪየቶች የምድር ጦርና የሌሎች አብራሪዎች ምስክርነት ይጠይቁ ነበር፤ እነርሱም ከግነት አልዳኑም።

በ1969 ዓ.ም በተቀሰቀሰው የኦጋዴን ጦርነት የኢትዮጵያ ኤፍ-5 አብራሪዎች በሶማሊያ ሚጎች ላይ የበላይነት መቀዳጀታቸው አያከራክርም። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ለገሠ ተፈራ ጣሏቸው የሚባሉት አውሮፕላኖች ብዛት ግን ከጽሑፍ ጽሑፍ ይለያያል። የሶማሊያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም መፍረሱም ቁጥሩን ከተቃራኒው ወገን መዝገብ ጋር ማመሳከርን አዳጋች አድርጎታል።

ቁጥርን መመርመር ጀግናን መካድ አይደለም። ለገሠ ተማርከው ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት አሳልፈዋል፤ ይህን መሥዋዕትነት የቁጥር ማነስ አይሽረውም። ከቁጥሩ አንዱ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ግን እውነቱም አብሮ ይጠረጠራል። ስለዚህ የዘማቾችን ቃል ስትሰበስቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን አየ? ስብርባሪው የት ወደቀ? ጠላትስ በዚያ ቀን ምን አጣ? መልስ ካልተገኘ «ጣለ» ብላችሁ ሳይሆን «ጣልሁ ይላል» ብላችሁ ጻፉ።