ነፍሰ ጡሯ ታራሚ፣ ከዓለም በቃኝ እስከ ሚዛን

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በነፍሰ ጡር ሴት ላይ የሞት ፍርድ እንዳይፈጸም ከልክሏል። የ1996ቱም ሕግ ይህን አልተወም። ሕጋችን እርግዝናዋን ከገመዱ ሥር ለማየት አልዘገየም፤ በእስር ቤት ስለምታሳልፋቸው ወራት ለመናገር ግን ጊዜ ወስዶበታል።

በ1947 ጄኔቫ ላይ የጸደቁት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች ወሊዱ ቢቻል ከእስር ቤት ውጭ ባለ ሆስፒታል እንዲሆን ጠየቁ። እስር ቤት ውስጥ ቢወለድም የሕፃኑ የልደት ምስክር ወረቀት ይህን እንዳይጠቅስ አሉ። በ2003 ለሴት እስረኞች የወጡት የባንኮክ ደንቦች በምጥና በወሊድ ጊዜ ሰንሰለት ከለከሉ። ከሁሉም ርቃ የሄደችው ግን አፍሪካ ናት። ሐምሌ 1982 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ሕፃናት ቻርተር፣ በአንቀጽ 30፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት እናቶች ፍርድ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ ከእስር ውጭ ያለ ቅጣት እንዲያስብ ያዛል። ኢትዮጵያም አጽድቃዋለች። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የቆመው "ዓለም በቃኝ" የተባለው እስር ቤት በነበረበት መሬት ላይ መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን ጥሩ ግጥምጥሞሽ ነው።

ጋዜጠኛ ሰርካለም ፋሲል ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ፣ ኅዳር 1998 ስትታሰር ነፍሰ ጡር ነበረች። ባለቤቷ እስክንድር ነጋም ታስሮ ነበር። ልጇን በእስር ላይ ሳለች ወለደች፤ ሕፃኑ ጊዜው ሳይደርስ እንደተወለደና ክብደቱም አነስተኛ እንደነበር ተነግሯል። የተፈታችው በ1999 ነው። እሷ ስም ስላላት ታሪኳ ተጻፈ።

በዚያው ዓመት የወጣው ደንብ ቁጥር 138/1999 እስከ 18 ወር ያለ፣ የእናት ክብካቤ የሚያስፈልገው ሕፃን ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ፈቀደ። ደንቡ ግን የወጣው ለፌዴራል ታራሚዎች ነው። የሚዛን ማረሚያ ቤት የክልል ነው፤ እስከ 2014 የደቡብ፣ ከኅዳር 2014 ወዲህ የደቡብ ምዕራብ።

በሚዛን ዙሪያ ያለው የቴፒና የበበቃ የቡና አገር ወባ አለበት። ለእርጉዝ ሴት ወባ ማለት ደም ማነስ፣ ያለጊዜው መውለድ፣ ቀላል ክብደት ያለው ሕፃን ማለት ነው። ውጭ ያለችው እናት ጤና ጣቢያ ክትትል ትጀምራለች፣ የአይረን እንክብል ትወስዳለች፣ አጎበር ታገኛለች፣ ምጥ ሲፋፋም አምቡላንስ ይጠራላታል። በአገሪቱ በጤና ተቋም የሚወልዱት በ1992 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 48 ደርሰዋል። ታራሚዋ ግን በራሷ እግር አትሄድም። ፈቃድ፣ ተሽከርካሪና አጃቢ ፖሊስ በአንድ ሰዓት መገናኘት አለባቸው፤ ምጥ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል እዚያው ሚዛን አማን ነው፤ ስለዚህ ችግሩን በርቀት ማሳበብ አይቻልም።

ምግቡም አለ። በ2009 አካባቢ መንግሥት ለአንድ እስረኛ በቀን ለምግብ፣ ለውሃና ለሕክምና በጠቅላላው 9 ብር ገደማ ይመድብ እንደነበር የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሪፖርት መዝግቧል። የጎደለውን የሚሞላው ጠያቂ የሚያመጣው ስንቅ ነው። ለቡና ለቀማ ከሩቅ አገር መጥታ የታሰረች ሴት ግን ማን ስንቅ ይዞላት ይመጣል?

በእኔ ግምት ትልቁ ሥራ ያለው ከማረሚያ ቤቱ በር በፊት ነው። ዋስትና አለ፤ የወንጀል ሕጉም የቅጣት ገደብን ያውቃል። የቻርተሩ አንቀጽ 30ም የሚናገረው ለዳኛው ነው፤ የሚዛን ዳኛ ደግሞ ይህን ለመሥራት አዲስ ሕግ መጠበቅ የለበትም።