ፓርቲን ወደ መነሻ መርሑ የመመለስ ጥረት፦ ከታች ያለው አባል ምን ያህል ይሰማል?

አንድ የፖለቲካ ፓርቲ ሲመሠረት የጻፈው ፕሮግራምና ከዓመታት በኋላ የሚሠራው ሥራ ሳይራራቁ የሚቆዩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ፓርቲው ሥልጣን ሲይዝ፣ ከሌላው ጋር ሲዋሐድ ወይም መሪው ሲለወጥ መነሻው እየደበዘዘ ይሄዳል። ያን ጊዜ ከታች ያለው አባል «የተሰባሰብነው ለዚህ አልነበረም» ማለት ይጀምራል። ይህ ቅሬታ በመካነ ሰላምም ሆነ በወግዲ፣ በከላላ፣ በለጋምቦና በሳይንት ለሚኖር ሰው እንግዳ አይደለም። በ1970ዎቹ ኢሕዴንን የተቀላቀለ ሰው ስብሰባውን ሳያቋርጥ ከቆየ፣ ከኢሕዴን ወደ ብአዴን፣ ከብአዴን ወደ አዴፓ፣ ከአዴፓ ወደ ብልፅግና ተሸጋግሯል። የአራት ድርጅቶች አባል ሲሆን ከቀበሌው መውጣት እንኳ አላስፈለገውም።

በሌላው ዓለም ይህን መሰሉ ጥረት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው «ወግ አጥባቂ» ከሚባለው አስተሳሰብ ጋር ተያይዞ ነው። ቃሉ ሃይማኖትን፣ ቤተሰብን፣ የንብረት ባለቤትነትንና የቆየ ሥርዓትን የሚያከብር፣ ለውጥ ቢመጣ እንኳ ተመዝኖና ቀስ ብሎ እንዲመጣ የሚፈልግ አመለካከትን ያመለክታል። በኢትዮጵያ በዚህ ስም ሥር ሰድዶ የቆየ ፓርቲ የለም። ሕዝቡ ለወግ ባዕድ ስለሆነ አይደለም፤ የደቡብ ወሎ ደገኛ ለሃይማኖቱ፣ ለሽማግሌውና ለመሬቱ የሚሰጠው ስፍራ የታወቀ ነው። ምክንያቱ ከተቋማት ታሪክ ይመነጫል። ፓርላማ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ቢቋቋምም፣ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በቀጥታ መምረጥ የጀመረው በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ነው። ያን ጊዜም ተወዳዳሪዎች የቀረቡት በግል እንጂ በፓርቲ አልነበረም። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ እንደ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩምና ጄኔራል ነጋ ተገኝ ባሉ ሰዎች የተመራው ኢዲዩ ለወግ አጥባቂነት በጣም የቀረበው ድርጅት ነበር ማለት ይቻላል። ይሁንና የተፈተነው በድምፅ መስጫ ሳጥን ሳይሆን በሰሜን ምዕራቡ ድንበር በጦርነት ነው፤ በዚያም ተሸንፎ ተዳከመ።

ስለዚህ በኢትዮጵያ ጥያቄው የሚነሣው «ወደ ወግ አጥባቂነት እንመለስ» በሚል ቃል ሳይሆን «ወደ መነሻ ዓላማችን እንመለስ» በሚል ነው። የነገሩን አሠራር ለመረዳት ግን በስሙ የሚታወቀውን የአሜሪካ ምሳሌ ቀድሞ ማየት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1964 የሪፐብሊካን ፓርቲ መሪዎች አብዛኞቹ ለዘብተኞች ነበሩ። የአሪዞናው ሴናተር ባሪ ጎልድዋተር ደጋፊዎች ከመሪዎቹ ጋር በአዳራሽ አልተከራከሩም። የሠሩት ሥራ አሰልቺ የሚባል ነው፦ ማንም በማይፈልጋቸው የመንደርና የወረዳ የፓርቲ ስብሰባዎች እየተገኙ፣ ወደ ብሔራዊው ጉባኤ የሚላኩትን ተወካዮች አንድ በአንድ አስመረጡ። ተቃዋሚዎቻቸው ሲነቁ የተወካዮቹ ቁጥር አልቆ ነበር። ጎልድዋተር ዕጩ ሆኑ፤ በምርጫው ግን ከ50ዎቹ ግዛቶች 6ቱን ብቻ አሸንፈው ክፉኛ ተረቱ። በፓርቲው ውስጥ የተዘረጋው መረብ ግን አልፈረሰም፤ ከ16 ዓመት በኋላ ሮናልድ ሬገንን ለፕሬዚዳንትነት ካበቁት ኃይሎች አንዱ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የተነሣው «ቲ ፓርቲ» የተባለው እንቅስቃሴም በሌላ በር ገባ። መንግሥት ለባንኮች ያወጣው ገንዘብና የዕዳው መጠን ያስቆጣቸው ሰዎች በየከተማው ተሰብስበው፣ በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ላይ የራሳቸውን ዕጩ ማቅረብ ጀመሩ። በ2010 ሪፐብሊካኖች በተወካዮች ምክር ቤት 63 ተጨማሪ መቀመጫ አገኙ። በ2014 ደግሞ የምክር ቤቱ የአብላጫ መሪ ኤሪክ ካንተር በራሳቸው ፓርቲ የውስጥ ምርጫ ብዙም በማይታወቁ የኢኮኖሚክስ መምህር ተሸነፉ። እንቅስቃሴው ከባለጸጎች ገንዘብ አላገኘም ማለት አይቻልም፤ «ከታች» የሚባል ነገር ሁሉ ከታች ብቻ የመጣ አይደለም። ሆኖም አንድ መሠረታዊ መሣሪያ ነበረው፤ ተራው ደጋፊ የፓርቲውን ዕጩ በድምፁ የሚመርጥበት ሥርዓት። በኢትዮጵያ ዕጩ የሚያቀርበው ፓርቲው ራሱ ስለሆነ ይህ በር ለተራው አባል ክፍት አይደለም። ለእርሱ የቀረለት መንገድ የፓርቲው ጠቅላላ ጉባኤ ነው።

በወሎ ቅሬን የሚያውቅ ሰው የጉባኤን ጉዳይ በቀላሉ ይረዳዋል። ቅሬ መዝገብ አለው፤ መዋጮ አለው፤ ዳኛ አለው። ዳኛው ከደንቡ ከወጣ አባላቱ ተሰብስበው ሌላ ይተካሉ። ይህን ማድረግ የሚችሉት ከሌላው ሰው ይልቅ ደፋሮች ስለሆኑ አይደለም፤ ማን አባል እንደሆነ፣ ማን እንዳዋጣና ማን እንደቀረ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። በፓርቲ ውስጥ ግን መዝገቡ የሚገኘው በጽሕፈት ቤት ነው። የጉባኤ ተወካይ ማን እንደሆነ፣ በማን እንደተመረጠና ምልዓተ ጉባኤ መሙላት አለመሙላቱን የሚናገረው መዝገቡን የያዘው ክፍል ነው። በአገራችን ፓርቲዎች የተነሡት ክርክሮች አብዛኞቹ በመርሕ ጀምረው በመዝገብ ያለቁትም ስለዚህ ነው።

ለአካባቢው ሕዝብ የቅርብ የሆነው የኢሕዴን ታሪክ ሌላም ችግር ያሳያል። ኢሕዴን ከኢሕአፓ በተለዩ ታጋዮች ኅዳር 11 ቀን 1973 ዓ.ም. ሲመሠረት ኅብረ ብሔራዊ ድርጅት ነበር። በ1986 ዓ.ም. ስሙን ብአዴን ብሎ የአማራ ብሔራዊ ድርጅት ሆነ። መስከረም 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳር ባካሄደው 12ኛ ጉባኤ አዴፓ ተባለ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ብልፅግና በተሰኘው አገር አቀፍ ፓርቲ ውስጥ ከሰመ። እንግዲህ «ወደ መነሻው ይመለስ» ያለ አባል የትኛውን መነሻ ነው የሚለው? የ1973ቱን ከሆነ የ2012ቱ ውሕደት በቅርጹ ወደዚያ የቀረበ ይመስላል። የ1986ቱን ከሆነ ደግሞ ውሕደቱ ከዚያ ይርቃል። መነሻ የሚባለው ነገር አንድ ሆኖ አይገኝም፤ ሁሉም የራሱን ዓመት ይመርጣል።

ከዚህም በላይ በኢሕአዴግ ዘመን «መመለስ» የሚባለው ነገር የሚመጣው ከላይ ነበር። በ1993 ዓ.ም. የተካሄደው «ተሃድሶ» እና በ2009 ዓ.ም. የተካሄደው «ጥልቅ ተሃድሶ» ሁለቱም ድርጅቱ ከመሥመሩ ወጥቷል፣ ይታረም የሚሉ ነበሩ። አጀንዳውን ያዘጋጀው ግን ማዕከላዊው አመራር ነው፤ አባሉ የተጠራው ራሱን እንዲገመግም ነበር። ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የተባለው አሠራር የታችኛው አካል የላይኛውን ውሳኔ እንዲፈጽም ያስገድዳል። በዚህ አሠራር በአንድ ቀበሌ መሠረታዊ ድርጅት የተነሣ ሐሳብ በአጎራባቹ ቀበሌ ካለው ሐሳብ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አልነበረም። ሁለቱም ወደ ወረዳ ይወጣሉ፤ ጎን ለጎን ግን አይነጋገሩም።

ይህ ግድግዳ የተነቃነቀው ከ2008 ዓ.ም. ክረምት የጎንደርና የባሕር ዳር ተቃውሞ በኋላ ነው። ግፊቱ ከድርጅቱ ውጭ ቢጀምርም ወደ ውስጥ ገባ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የብአዴን ማዕከላዊ ኮሚቴ ነባር መሪዎቹን አቶ በረከት ስምዖንንና አቶ ታደሰ ካሳን ከኮሚቴው አገደ። ከወር በኋላም ስሙ ተለወጠ። ይህ ሁሉ ያለ ታችኛው አባል ግፊት ይሆን ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ከዓመት በኋላ የመጣው ውሕደት ግን በዚያው አባል ጥያቄ የተጀመረ አልነበረም፤ ሐሳቡ ከላይ ወርዶ በየደረጃው ጸደቀ።

በተቃዋሚው ጎራ ያለው ታሪክ መልኩ ሌላ ነው። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በ1984 ዓ.ም. የመሠረቱት መዐሕድ ለአማራ ሕዝብ ለመቆም የተቋቋመ ድርጅት ነበር። ታዋቂው የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1986 ዓ.ም. ታስረው ለዓመታት በእስር ከቆዩ በኋላ፣ ለሕክምና በሄዱበት አሜሪካ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርጅቱ በኢንጂነር ኃይሉ ሻውል መሪነት መኢአድ ተብሎ አገር አቀፍ ፓርቲ ሆነ፤ በ1997 ዓ.ም. ምርጫም የቅንጅት አንዱ ምሰሶ ነበር። ለውጡን ሰፊ አገራዊ ድጋፍ የማግኛ መንገድ ያሉት እንዳሉ ሁሉ፣ የመሥራቹን ዓላማ መተው ነው ያሉትም ነበሩ። ኢሕዴን ከኅብረ ብሔራዊነት ወደ ብሔር ድርጅትነት ሲሄድ መዐሕድ በተቃራኒው ተጓዘ። ሁለቱም ግን ጉዞውን ያልፈለጉ አባላትን ከኋላቸው አስቀሩ።

መኢአድ ውስጥ ኋላ የተነሣው ክርክር መዝገብና ደንብ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆኑ ያሳያል። ከግንቦት 2007ቱ ምርጫ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ፓርቲው በአቶ ማሙሸት አማረና በአቶ አበባው መሐሪ መሪነት ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ክርክሩ የሕጋዊ አመራርነት ሲሆን፣ ማጠንጠኛውም ጉባኤው በደንቡ መሠረት ተካሂዷል ወይስ አልተካሄደም የሚለው ነበር። ምርጫ ቦርድ ጥር 2007 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ለአቶ አበባው ወገን ዕውቅና ሰጠ። በዚያው ጊዜ በአንድነት ፓርቲም በተመሳሳይ ክርክር ለአቶ ትዕግሥቱ አወሉ ወገን ወሰነ። ውሳኔዎቹ ብዙ ትችት አስከትለዋል። ከፓርቲው ስም፣ ከማኅተሙና ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ የቀሩት አባላት ቁጥራቸው ምንም ያህል ይሁን በዚያ ስም መወዳደር አልቻሉም።

ሰኔ 2010 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመሠረተው አብን ብዙዎች ፕሮፌሰር አሥራት ከጀመሩት ጋር የሚያያይዙት ድርጅት ነው። አሮጌውን ቤት ከመጠገን አዲስ መሥራት ቀለለ ማለት ነው። ፓርቲው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 5 መቀመጫ አገኘ። መስከረም 2014 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩ ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ የመነሻ ዓላማ ጥያቄ በአዲሱ ቤትም ተነሣ። ከመንግሥት ጋር መሥራት ለሕዝቡ ይጠቅማል ያሉ ነበሩ፤ ተቃዋሚ ፓርቲ ካቢኔ ውስጥ ተቀምጦ መንግሥትን መተቸት አይችልም ያሉም ነበሩ። በቀጣዩ የፓርቲው ጉባኤ ላይም አመራሩ ይቀየር የሚለው ጥያቄ ዋነኛ መከራከሪያ ሆነ።

በኢዜማም ተመሳሳይ ጥያቄ ነበር፤ መሪው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ነበርና። እዚያ ግን ክርክሩ በድምፅ ተቋጨ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በተካሄደው ጉባኤ አቶ አንዱዓለም አራጌ ለመሪነት ተወዳደሩ፤ ፕሮፌሰር ብርሃኑ አሸነፉ። የተሸነፈው ወገን ቅር ቢሰኝም ተቆጥሮ መሸነፉን ያውቃል። በኢትዮጵያ ፓርቲዎች ታሪክ ይህ ራሱ የተለመደ ነገር አይደለም።

ሕጉ ለአባሉ የሚሰጠው መብት በጽሑፍ ሲታይ ትንሽ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 በፖለቲካ ድርጅቶች ውስጥ ለኃላፊነት ቦታ የሚደረግ ምርጫ ነፃና ዴሞክራሲያዊ እንዲሆን ያዝዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 1162 ደግሞ አዲስ ፓርቲ መመሥረትን ከበፊቱ አክብዶታል። ቀድሞ ለክልል ፓርቲ 750፣ ለአገር አቀፍ ፓርቲ 1,500 መሥራች አባላት ይበቁ ነበር። አሁን 4,000 እና 10,000 ያስፈልጋል። ተቀይሞ ወጥቶ ሌላ ፓርቲ ማቋቋም እንደ ቀድሞው ቀላል ስላልሆነ፣ በነበሩበት ቤት ውስጥ መከራከር ዋጋው ከፍ ብሏል።

ለደጋው ገበሬ አባል ግን ርቀቱም አለ። ጉባኤ የሚካሄደው በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ነው። ከቦረና ገጠር ቀበሌ ተነሥቶ እዚያ መድረስ ቀንም ገንዘብም ይጠይቃል፤ አበሉን የሚከፍለው አካል ደግሞ ብዙ ጊዜ ተሳታፊውንም ይመርጣል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ያለው የጸጥታ ችግር በቀበሌ ደረጃ መሰብሰብንም አክብዷል። ስለዚህ ለአባሉ ቁልፍ የሚሆነው ጉባኤው ራሱ ሳይሆን ከጉባኤው ወራት ቀድሞ የሚደረገው የተወካይ ምርጫ ነው። የፓርቲው ደንብ ቅጂ በእጁ ካለ፣ ወረዳው ስንት ተወካይ እንደሚልክ ካወቀ፣ ተወካዩ በተመረጠበት ቀን የተያዘው ቃለ ጉባኤ ተነቦለት ከፈረመ፣ በኋላ አቤቱታ ቢያቀርብ ማስረጃ አለው። አቤቱታው በቅድሚያ የሚቀርበው ለፓርቲው የኦዲትና ቁጥጥር አካል ነው፤ ከዚያ ወደ ምርጫ ቦርድ፣ በቦርዱ ውሳኔ ቅር የተሰኘም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ቃለ ጉባኤ የሌለው አቤቱታ ግን በመጀመሪያው ደጃፍ ላይ ይቀራል።