አደን፦ ለማዕድ፣ ለገበያ ወይስ ለስም?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ለተፈጥሮ ጥበቃ ከሚሟገቱ ወገኖች መካከል የዱር እንስሳን ለምግብ ማደን ጭርሱኑ መቅረት አለበት የሚሉ አሉ። ለልጆቹ ጉርስ ብሎ ያደነ ድሃ ምን አጠፋ የሚሉም አሉ። በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን የጅማ ታሪክና ሸሪዓችን በዚህ ክርክር ላይ ምን እንደሚሉ እንመለከታለን።

ሄርማታ ዛሬ በጅማ ከተማ የቀበሌዎች መጠሪያ ነው። ቀድሞ ግን በአካባቢው የታወቀ ታላቅ ገበያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ከጅሬን ቤተ መንግሥት ግርጌ ሐሙስ ሐሙስ ብዙ ሕዝብ ይሰበሰብበት ነበር። ቡናው፣ ማሩና ዝባዱ እንዲሁም ከከፋና ከዚያ ወዲያ ካሉ ጫካዎች የመጣው የዝሆን ጥርስ እዚያ ይሸጥ ነበር። ነጋዴዎችም በቅሎ ጭነው ወደ ሰሜን፣ በኋላም ወደ አዲስ አበባ ይወስዱት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዝሆን የሙስሊም ማዕድ አልነበረም። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ሥጋው አይበላም። ታዲያ ዝሆን በየጊዜው የወደቀው ለምን ነበር? አንደኛው ለጥርሱ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ለስም ነው። በአገራችን በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ ሰው ግዳይ ጥሏል ተብሎ ይፎክር፣ ይከበር ነበር። ዛሬ የጅማ ልጅ ዝሆን ማየት ቢያምረው በ1997 ዓ.ም ወደ ተቋቋመው የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ መሄድ ይሻለዋል። የዝሆንን ዘር ያመናመነው የድሃው ድስት ሳይሆን ገበያውና ፉከራው ነው። መንግሥታችንም በመጋቢት 2007 ዓ.ም ከስድስት ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ ያቃጠለው ያንን ገበያ ለመዝጋት ነበር።

ሸሪዓችንም አደንን የሚመዝነው በዓላማውና በአፈጻጸሙ ነው። በሱረቱል ማኢዳህ አላህ (ሱ.ወ) አደንን ፈቅዶ፣ በኢሕራም ላይ ላለ ሰው ግን የየብስ አደንን ከልክሏል። ታላቁ ሶሓባ ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ) ስለ አዳኝ ውሻ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በጠየቁ ጊዜ፣ የሠለጠነ ውሻ የአላህ ስም ተወስቶ ተለቆ ያመጣውን እንዲበሉ፣ ውሻው ራሱ ከበላለት ግን እንዲተዉት ተነግሯቸዋል። ውሻው የያዘው ለራሱ ነውና።

ታንቆ የሞተ እንስሳም በዚያው ሱራ ሐራም ተደርጓል። ይህ በጫካ ዳር ለምንኖር ሰዎች ቀላል ነገር አይደለም። ሽቦ አጥምዶ ወደ ቤቱ የገባ ሰው በማግስቱ የታነቀች ሚዳቋ ቢያገኝ፣ ሥጋዋ አይበላም። ነፍስ ጠፋ፣ ቤተሰብም አልጠገበም፤ ትርፉ ወንጀል ብቻ ነው።

ከዚህም አልፎ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲናን በሁለቱ ጥቋቁር ድንጋያማ ሜዳዎች መካከል ክልል አድርገው፣ አውሬዋ እንዳይታደን፣ ዛፏም እንዳይቆረጥ ከልክለዋል። አቡ ሁረይራም (ረ.ዐ) በመዲና ሚዳቋ ስትግጥ ቢያዩ እንደማያስደነግጧት ተናግረዋል። ጥብቅ ስፍራ የሚባለው ነገር ለእኛ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም።

በአገራችን የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። በሕጋዊ የአደን ቀበሌዎች ግን የውጭ አገር ሰው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ የደጋ አጋዘንን ለቀንዱ ሲል ሊገድል ይችላል። ይህን የሰማ የጫካ ዳር ገበሬ «እኔ ቆቅ ብይዝ እታሰራለሁ፣ እሱ ለጌጥ ሲገድል ይሸኛል» ቢል ቅሬታው መሠረት አለው። ሕግን ማክበር ግዴታችን ነው፤ የዱር እንስሳቱ ቁጥርም እንደ ድሮው አይደለም። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በተራበው ሰው ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም።

እኛስ ብንሆን? ቡናችንን ለማስፋት ዳዋውን መንጥረን ትልልቁን ዛፍ ብቻ ስንተው፣ ድኩላውም ሚዳቋውም መሸሸጊያ ያጣል። አንዲት ጥይት ሳይተኮስ ጫካው ባዶ ይሆናል። በበለጠ-ጌራ ደን ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ገበሬዎች ተደራጅተው ደኑን እየጠበቁ ቡናውን መልቀም መጀመራቸው ጥሩ ምሳሌ ነው። ደን ጠባቂውም ተጠቃሚውም አንድ ሰው ሲሆን ክልከላው ሸክም አይሆንበትም።

ወላጆች ሆይ! ነገሩ ከቤታችን ይጀምራል። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ወፍ አስረው ዒላማ ያደረጉ ወጣቶችን ባገኙ ጊዜ፣ ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ ያደረገን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደረገሙት ነግረዋቸዋል። ልጃችን የላስቲክ ወንጭፍ ይዞ ወፍ ሲያሳድድ ዝም ብለን አንለፈው። «ልትበላት ነው ወይስ ልትጫወትባት?» ብለን እንጠይቀው። ጥያቄዋ ትንሽ ብትሆንም በሄርማታ ገበያም፣ በአደን ቀበሌውም ሊጠየቅ ይገባ የነበረው ይኸው ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በምድሩ ላይ አደራ ጠባቂዎች ያድርገን። አሚን።