የፊርማ ክፍያ ሠራተኛን ያመጣል፤ ያቆያልን?

የፊርማ ክፍያ ቀጣሪ አዲስ ሠራተኛ ውል ሲፈርም ከወር ደመወዙ በተጨማሪ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። በአገራችን ቃሉ ይበልጥ የተለመደው በእግር ኳስ ነው። ክለቦች ለተጫዋች ያደርጉት የነበረው ሽሚያ እየናረ በመሄዱ በነሐሴ 2011 ዓ.ም የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲኾን ተወስኖ ነበር፤ ከጣሪያው በላይ በስውር ይከፈላል የሚለው ወቀሳ ግን አልቀረም።

ከእግር ኳሱ ውጭ ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው ከትልልቅ ከተሞች ርቀው ለሚገኙ ቀጣሪዎች ነው። የሞጃና ወደራ ወረዳ መቀመጫ የኾነችው ሰላ ድንጋይ ብርዳማ ደጋ ላይ ያለች አነስተኛ ከተማ ናት። በዚያ ሐኪም ወይም ነርስ የሚሻ ተቋም የሚፎካከረው ዩኒቨርሲቲ፣ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ ካሏት ከደብረ ብርሃን፣ አልፎም ከአዲስ አበባ ጋር ነው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ሰላ ድንጋይ ተቀምጠው ባስተዳደሩበት ዘመን ለአገልጋይ የሚሰጠው ማደሪያ መሬት ነበር፤ ማደሪያው ደግሞ አገልግሎቱ እስካለ የሚዘልቅ እንጂ አንዴ ተሰጥቶ የሚያልቅ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ የኢትዮጵያ ሐኪሞችንና ነርሶችን ምርጫ የመረመረ ጥናት በዚህ ረገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከመዲናዋ ውጭ ለመሥራት ፈቃደኛ የነበሩት ሐኪሞች 7 በመቶ ያህል ሲኾኑ፣ ደመወዝ በእጥፍ ቢያድግ ቁጥሩ ከ50 በመቶ እንደሚያልፍ ጥናቱ አመልክቷል። ጥሩ መኖሪያ ቤት ብቻ ቢሰጥ ወደ 27 በመቶ ከፍ ይላል፤ ይህም ደመወዝን በ46 በመቶ ከመጨመር ጋር እኩል ነው። ነርሶችን ከገንዘብ ቀጥሎ ይበልጥ የሚስባቸው የሕክምና መሣሪያና የመድኃኒት መሟላት ኾኖ ተገኝቷል። እነዚህ ሁሉ ሠራተኛው በየዕለቱ የሚኖርባቸው ነገሮች ናቸው፤ የፊርማ ክፍያ ግን ከተቀበሉት በኋላ ይረሳል።

የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለአዳዲስ መምህራን በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የሚከፈል 20 ሺህ ዶላር አቅርባ ነበር። ተመራማሪዎች ካነጋገሯቸው ተቀባዮች ብዙዎቹ አራቱ ዓመታት ሳይሞሉ ሥራውን ለቀዋል።

ኾኖም በግል ድርጅት የፊርማ ክፍያ የሚቀርብለት ሰው ሕጉን ቢያውቅ ይጠቀማል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ካለፈ፣ ካለ ወይም ከወደፊት ቅጥር የሚገኝ ክፍያ ሁሉ ግብር ይከፈልበታል፤ ስለዚህ በእጅ የሚገባው ከተነገረው ያንሳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 53 ቦነስን ከደመወዝ አይቆጥርም። ዝቅተኛ ደመወዝ ከዳጎስ ያለ የፊርማ ገንዘብ ጋር የተቀበለ ሰው የትርፍ ሰዓትና የስንብት ክፍያው የሚሰላው በዝቅተኛው ደመወዝ ነው። ክርክር የሚያስነሣው ግን «ከዓመት በፊት ከለቀቅህ ትመልሳለህ» የሚለው የውል ቃል ነው። የሚመለሰው መጠን ከተሠራው ወራት ጋር እየቀነሰ እንዲሄድ በጽሑፍ ማስፈር ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ከደመወዝ የሚቆረጥ ከኾነም ተቀናሹ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም።

የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ይተዳደራል፤ ደመወዙ በስኬል የተወሰነ በመኾኑ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በራሱ ፈቃድ የፊርማ ክፍያ መስጠት አይችልም። በአቅሙ ሊያደርግ የሚችለው አዲስ የተመደበው ባለሙያ ከመድረሱ በፊት የሚያድርበትን ቤት ማዘጋጀት ነው።